የሳቅነው እኛ

ጎንደር ፒያሳ አንድ መድኃኒት ቤት ተራ እየጠበቅሁ ነው። ከፊቴ ከዳባት በሌሊት ተነስታ የመጣች ሴት ነጠላዋን እስከ አፏ ተከናንባ ቆማለች። ሻጩ «ምን ልስጥሽ?» ይላታል፤ እሷ ዞር እያለች እኛን ታያለች። በመጨረሻ በሹክሹክታ «እዚህ ታች... ይሸተኛል» አለች። ከኋላዬ ሳቅ ተሰማ። ሻጩም አንድ ነገር ሳይጠይቃት ሽቶ ያለው ሳሙና ሰጣት። ከፍላ ወጣች። እኔም ዝም አልኩ።

ጎበዝ፣ ያ ሳሙና መድኃኒት አይደለም፤ እንዲያውም ያባብሳል። የሴት ብልት ውስጡን ራሱ ያጸዳል። እዚያ የሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሲድ እየሠሩ ጎጂዎቹን ያርቃሉ። ሳሙናና ሽቶ ወደ ውስጥ ሲገባ ይህን ሚዛን ያዛባል። ውጪውን በንጹሕ ውኃ መታጠብ ይበቃል። ቀለል ያለ ጠረን ደግሞ የጤና ነው።

የዓሣ ዓይነት ሽታ ከስስ ግራጫማ ፈሳሽ ጋር ከመጣ ግን የባክቴሪያዎቹ ሚዛን ተዛብቶ ይሆናል። ፈሳሹ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሆኖ አረፋ ከያዘ በግብረ ሥጋ የሚተላለፈው ትሪኮሞናስ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ሐኪም በሚያዘው መድኃኒት ይድናሉ። ትሪኮሞናስ ከሆነ ባልም አብሮ ካልታከመ መልሶ ያስይዛታል። እሱ ብዙውን ጊዜ ምንም ስለማይሰማው «ችግሩ ያንቺ ነው» ብሎ ይቀመጣል። ከደም ጋር የመጣ መጥፎ ሽታ ደግሞ የማህፀን በር ካንሰር ምልክት ሊሆን ስለሚችል ለነገ አይባልም።

ሽታን ነውር ማድረጋችን ምን እንዳስከፈለ በፌስቱላ አይተናል። ለቀናት አምጣ ሽንቷን መቆጣጠር ያቃታት የገጠር ሴት «እርግማን ነው» ተብላ ከሰው ተለይታ ኖራለች። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታል ያቋቋሙት፣ በ2005ም ለእኛ የሚቀርበው የባሕር ዳር ማዕከል የተከፈተው ለእነዚህ ሴቶች ነው። ብዙዎቹ በቀዶ ጥገና ድነው አገራቸው ገብተዋል። እርግማን በመርፌና በክር አይሰፋም፤ የተሰፋው ቁስል ነበር።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ያቺ ሴት ግን አልደበቀችም፤ ተናገረች። የሳቅነው እኛ ነን። ዝም ያልኩትም ከሳቁት አልሻልም፤ «እህቴ፣ ጤና ጣቢያ ሂጂ» ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃኝ ነበር።