አልዘጋ ስላለው በር

የአናጢነት ሙያ ከሁሉ አስቀድሞ ለሰው የሚያስተምረው ትሕትናን ነው፤ እንጨት ሐሰትን አይሸሽግምና በሁለት ሚሊ ሜትር የተሳሳተ መቃን ዛሬ ባይታወቅ ነገ በሩ ሲገጠም ምስክርነቱን ይሰጣል። ስለዚህ አናጢ ለክቶ ዳግመኛ መለካትን፣ ቱንቢውን አውርዶ ውሃ ልኩን አጋድሞ መመርመርን ከወጣትነቱ ጀምሮ እንደ ጸሎት ሥርዐት ይለማመደዋል። እኔም ከሜልበርን መሀል ከተማ ወደ ምዕራብ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሜልተን፣ ትናንት የበግ መሰማሪያ የነበረው ሜዳ ዛሬ በጣሪያ ተሸፍኖ በሚታይበት ስፍራ፣ የብዙ ቤቶችን ግድግዳና ጣሪያ ሳቆም በዚሁ ጥንቃቄዬ ስመካ ኖሬአለሁ። ዳሩ ግን ጠቅላላውን ነገር ያልተመለከተ ጥንቃቄ ስሕተትን አሳምሮ የሚሸፍን መጋረጃ ሊሆን እንደሚችል ያስተማረኝ አንድ አልዘጋ ያለ በር ነው።

ቤቱ የአንዲት በዕድሜ የገፉ የአገራችን ሴት ነበር። እንጨቱን ያቆምሁት እኔ ስለ ነበርሁ፣ ከገቡ ከጥቂት ወራት በኋላ የመኝታ ቤታቸው በር መቃኑን እየነካ ባስቸገራቸው ጊዜ የጠሩት እኔኑ ነው። መላጊያዬን ይዤ ሄድሁ፤ የሚነካውን ጫፍ በእርሳስ አመልክቼ፣ በሩን ከማጠፊያው አውርጄ፣ እንደ ወረቀት የሳሳ ልጥ እያነሣሁ ላግሁት፤ በሩም በአንድ ጣት ተገፍቶ የሚዘጋ ሆነ፤ እርሳቸውም ቡና አጠጥተው መርቀው ሸኙኝ። ወር ሳይሞላ እንደገና ደወሉ፤ እንደገና ላግሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ስመጣ ግን በሩን ትተው እኔን ትኩር ብለው ተመለከቱና «ልጄ፣ ይኸ በር እኮ ዝናብ በዘነበ ቍጥር ነው የሚብስበት፤ አንተ ሁልጊዜ በሩን ብቻ ታያለህ» አሉኝ። መላጊያዬን አስቀምጬ ውሃ ልኬን ወለሉ ላይ አጋደምሁት፤ በመስተዋቱ ውስጥ ያለችው አረፋ ከመካከል ሸሽታ ወደ ውጪው ግድግዳ አጠገብ ሄደች። ለካስ በሩ እንዳቆምሁት ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ የተነሣው መሬቱ ነው።

እኚህ ሴት ተወልደው ያደጉት በጎንደር፣ በደምቢያ ሜዳ ነውና የወልካን ጠባይ እኔ ከመጽሐፍ ካወቅሁት ይልቅ እርሳቸው ከእግራቸው ሥር ያውቁታል፤ በበጋ የበሬ ሰኰና እስኪውጥ የሚሰነጠቀው፣ በክረምት አብጦ ስንጥቁን ሁሉ የሚዘጋው ያ ጥቁር አፈር፣ ባሕር ተሻግሮ በሜልተንም እንደሚገኝ የነገሩኝ እንደ ዘመድ ወሬ አድርገው ነበር። በእርግጥም የሜልተን ሜዳ እንደ ሞንት ኮትረል ካሉት ጥንታውያን እሳተ ገሞራዎች የፈሰሰው ዐለት በዘመናት ብዛት ፈርሶ አፈር የሆነበት ነው፤ በወንጌል ምሳሌ አንዱ ቤት በዐለት ላይ ሌላው በአሸዋ ላይ ሲሠራ፣ በዚህ ግን ከዐለት ተወልዶ እንደ ዐለት የማይጸና አፈር ይገኛል። የአውስትራልያ የመሠረት ደንብ የመሬቱን መነሣትና መውረድ በሚሊ ሜትር ለክቶ በማዕርግ ይከፍለዋል፤ ከ20 እስከ 40 የሚንቀሳቀሰው መካከለኛ ሲባል፣ ከ40 እስከ 75 የሚንቀሳቀሰው ብርቱ፣ ከ75 የሚያልፈው እጅግ ብርቱ ይባላል። ሁለት ሚሊ ሜትር ሲጓደል እንቅልፍ የሚያጣው አናጢ፣ 75 ሚሊ ሜትር ሊነሣ በሚችል መሬት ላይ ቆሞ የበር ጫፍ ሲልግ መታየቱ ሊያሳዝን ይገባል።

ይህ ነገር በአንድ ቤት ብቻ የደረሰ አይደለም። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ከ1997 እስከ 2009 የቈየው ረጅም ድርቅ የሜልበርንን ምዕራባዊ ሜዳ እስከ ጥልቁ አድርቆት ሳለ ብዙ አዳዲስ ቤቶች በላዩ ተሠሩ፤ በ2010ና በ2011 ዝናቡ ሲመለስ ግን የጠማው አፈር ጠጥቶ አበጠ፣ በሜልተንና በአጎራባችዋ በዊንደም የብዙ ቤቶች ግድግዳ ተሰነጠቀ፣ በሮችም አልዘጋ አሉ። ምክንያቱ ከአፈሩ ጠባይ ሌላ ከሥራችን አከፋፈልም የመጣ ነው። ጣሪያው ተከድኖ አሸንዳው ከተሰቀለ በኋላ የዝናብ ውሃ መውረጃው ከመንገዱ ፍሳሽ ጋር ሳይገናኝ ሳምንታት ሲያልፉ፣ ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ ሁሉ ከኮንክሪቱ ጠርዝ ሥር ይጠራቀማል፤ 200 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢዘንብ 2,000 ሊትር ውሃ ነው። ግንበኛው ኮንክሪቱን በልኩ አፍስሷል፣ ፌሮ ሠሪው ብረቱን በቦታው አስሯል፣ ቧንቧ ሠሪው ቀጠሮውን ይጠብቃል፣ እኔም ግድግዳዬን በቱንቢ አቁሜአለሁ፤ በየፊናችን ስንጠየቅ ሁላችንም ንጹሓን ነን፤ ውሃው ግን ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ሥራ በሚያሻግረው፣ ማንም የእኔ ነው በማይለው ቦታ ገባ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚለው የአባቶች ቃል በዚህ ተፈጸመ። በእኚያ ሴት ቤት ሥራ ላይ ሳለሁ ያ ውሃ ከጠርዙ ሥር ተኝቶ አይቼዋለሁ፤ አይቼም «የቧንቧ ሠሪው ጉዳይ ነው» ብዬ ተራምጄው አለፍሁ። እስከ ዛሬ የሚጸጽተኝ ይህ ነው።

ከሜልተን ወደ ከተማው ስወርድ የምሻገረው የዌስት ጌት ድልድይም ይህንኑ በደም የተጻፈ ትምህርት ይዞ ቆሟል። ድልድዩ ገና በመሠራት ላይ ሳለ፣ ኦክቶበር 15 ቀን 1970፣ እኩለ ቀን ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ 112 ሜትር የሚረዝመው ክፍል ወድቆ 35 ሠራተኞች ሞቱ፤ ከነርሱም ብዙዎቹ በሥሩ ባሉት ጎጆዎች ዐረፍ ብለው ነበር። ያ ክፍል ለሁለት ተከፍሎ በምድር ላይ ከተሠራ በኋላ ወደ ላይ ተነሥቶ ጐን ለጐን ሲቀመጥ፣ አንደኛው ግማሽ ከሌላው በ114 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ይህን ለማስተካከል እያንዳንዱ 8 ቶን የሚመዝን የኮንክሪት ብሎክ ተጫነበት፤ ከክብደቱ የተነሣ ብረቱ ጐበጠ፤ ጕብጠቱን ለማቃናት ደግሞ ሁለቱን ብረቶች አጣምረው የያዙትን ቡሎኖች ይፈቱ ጀመር። ነገሩን የመረመረው ንጉሣዊ ኮሚሽን ጉድለት ያገኘው በንድፉም በአሠራሩም ነው፤ እኔን ግን ዘወትር የሚያስደነግጠኝ የእርምጃው ቅደም ተከተል ነው። እያንዳንዱ እርምጃ የፊተኛውን ጉድለት ለማረም የተደረገ፣ ለብቻው ሲታይም ምክንያት ያለው ነበር፤ ጐባጣውን ለማቃናት የተፈታው ቡሎን ግን ጠቅላላውን ሸክም የተሸከመ ቡሎን ነበር። የእኔ መላጊያ ሰው አልገደለም፤ መንገዱ ግን ያው መንገድ ነው።

ይህን ስል ለጥቃቅኑ መጠንቀቅን ማቃለሌ አይደለም። በልጅነቴ በንባብ ቤት ሳለሁ መምህራችን በግእዝ ንባብ ተነሹን ከወዳቂው፣ ተጣዩን ከሰያፉ ለይተን እስክንጠራ ድረስ ወደ ፊት አያሳልፉንም ነበር፤ ብዙዎቻችን ስለ ትርጓሜ የምንሰማውን እየናፈቅን በአንዲት ቃል አነባበብ ሙሉ ቀን መዋል እንደ እስራት ይቈጠርብን ነበር። ዛሬ ግን ይገባኛል፤ የምትጠብቀው ፊደል ስትላላ ምሥጢሩ ይለወጣልና፣ መምህሩ በዚያች በአንዲት ፊደል ላይ ሲቆሙ ዓይናቸው ያለው በሙሉው ምሥጢር ላይ ነበር። ጠቅላላውን ማየት ማለት ከጥቃቅኑ ርቆ ከፍ ባለ ተራራ ላይ መቀመጥ አይደለም፤ በእጅ ያለችው ትንሽ ነገር ከማን እንደ መጣች፣ ወደ ማንም እንደምትሄድ ማወቅ ነው።

ስለዚህ አሁን እንጨት ከማውረዴ በፊት ቦታውን በእግሬ እዞራለሁ። ከእኔ በፊት የሠራው ምን እንደ ተወልኝ፣ ከእኔ በኋላ የሚመጣው ምን እንደሚያገኝ፣ ዛሬ ማታ ቢዘንብ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ራሴን እጠይቃለሁ፤ አፈሩም ከግድግዳው ጀምሮ በመጀመሪያው አንድ ሜትር ውስጥ 50 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውጪ ማዘንበሉን እለካለሁ። አብሮኝ የሚሠራው ወጣት አንድ ቀን ጊዜያዊ መውረጃ ቧንቧ ስቀጥል አይቶ «ጋሼ፣ ይኸ የእኛ ሥራ ነው እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ። «አይደለም፤ ቤቱ ግን የእኛ ሥራ ነው» አልሁት፤ ሌላ ሳይናገር መጥቶ ቧንቧውን ያዘልኝ።

የእኚያ ሴት ቤት ፍሳሹ ተስተካክሎ፣ አፈሩ ወደ ውጪ እንዲያዘነብል ተደርጎ፣ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ከተጠበቀ በኋላ ወለሉ ወደ ቦታው ቀረበ። ያን ጊዜ ደግሞ በሁለት ቀን ሥራ በጥንቃቄ የላግሁት የበሩ ጫፍ ከመቃኑ ርቆ፣ አንድ ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት ሆኖ ታየ። መሬቱ ተመለሰ፤ የላግሁት እንጨት ግን አልተመለሰም። አዲስ በር ላመጣላቸው ለመንኋቸው፤ እርሳቸው ግን «ተወው ልጄ፣ ይዘጋል እኮ» ብለው እንቢ አሉኝ። ለቡና በጠሩኝ ቍጥር ከመኝታ ቤታቸው በዚያ ክፍተት የሚወጣውን ቀጭን ብርሃን አያለሁ፤ ያን ባየሁ ማግሥትም በሥራዬ ቦታ መላጊያዬን ከማንሣቴ በፊት ውሃ ልኬን ወለሉ ላይ አጋድማለሁ።