ዋልያስ ባንድ፦ ሁሉ የሰማቸው፣ ማንም በስም ያልጠራቸው

ስለ ዋልያስ ባንድ ዛሬ በውጭ ቋንቋ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ከባሕር ዳር ይጀምራል። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ እዚያ አንድ ካሴት ገዛ፤ ካሴቱ የባንዱ ኦርጋን ተጫዋች የኃይሉ መርጊያ «ሸሞንሟናዬ» ነበር፤ ሰውየውም «ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» በተባለው አነስተኛ የግል አሳታሚ ድርጅቱ በ2013 እንደገና አወጣው (ዓመታቱን የምንጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ከዚያ ወዲህ ኃይሉ «ጠፍቶ የተገኘ» ሙዚቀኛ ተባለ። በበኩላችን ይህን አባባል መቀበል ይቸግረናል። ካሴቱ ከመሬት ተቆፍሮ አልወጣም፤ ለሽያጭ ተቀምጦ ነው የተገኘው።

በዚያ ዘመን የዋልያስ ድምፅ በጆሮው ያልገባ የአዲስ አበባ ሰው አልነበረም ብንል ብዙ ማጋነን አይሆንብንም። ያልታወቀው ስማቸው ነው። በካሴት ሽፋን ላይ የሚወጣው የዘፋኙ ፎቶግራፍ ነው፤ ባንዱ በትንሽ ፊደል ከታች ይጻፋል፤ የተጫዋቾቹ ስም ግን ብዙውን ጊዜ ከነጭራሹ አይገኝም። ለዚህ ጥፋተኛው ነጋዴው ብቻ አይደለም። እኛ ዘፈን የምንሰማው ለግጥሙ ነው። ሰሙን ገልጠን ወርቁን ስንፈልግ ሳክስፎኑ አልፎ ሂያጅ መንገደኛ ይሆንብናል። ስለዚህ ቃል የሌለው ሸክላ የሚያወጣ ባንድ ግብግብ የሚገጥመው ከገበያው ጋር ብቻ ሳይሆን ከጆሯችን ልማድም ጋር ነው።

ሸክላ ማሳተም ራሱ ድፍረት የሚጠይቅበት ጊዜ ነበር። በንጉሡ ዘመን ይህ መብት ለሀገር ፍቅር ቲያትር ብቻ የተሰጠ ሲሆን፣ በ1969 ክልከላውን ጥሶ የራሱን አሳታሚ ያቋቋመው ወጣቱ አምሃ እሸቴ ነው። በእርሱ መንገድ አሊ አብደላ ካይፋ ተከተለ፤ የዋልያስ «ቼ በለው» በ1977 የወጣው በካይፋ ሸክላ ነው። ዓመቱን ልብ ይሏል። ከተማዋ በቀይ ሽብር ላይ ነበረች፤ ማታ ሰዓት እላፊ ስለሚታወጅ በምሽት ክበቦቹ በሩ ይዘጋና ሙዚቀኛውም ደንበኛውም እስኪነጋ አብረው ያድሩ ነበር። ባንዱ በሂልተን ሆቴል በየምሽቱ የሚጫወት ስለነበር ተጫዋቾቹ እርስ በርሳቸው በዓይን ጥቅሻ የሚግባቡ ሆነዋል፤ ይህም በሸክላው ላይ ይሰማል።

«ቼ በለው» ውስጥ ኦርጋኑ የቆመው ዘፋኙ በሚቆምበት ቦታ ነው። ኃይሉ ዜማውን እንደ ድምፃዊ ይጎትተዋል፤ አንዱን ኖታ ይዞ ሲያርገበግበው ማሲንቆ ሲገዘገዝ የሚሰማውን ያስታውሰናል። ሙላቱ አስታጥቄ በቫይብራፎን ገብቶበታል። ከሁሉም የሚልቀው የግርማ በየነ ድርሰት «ሙዚቃዊ ስልት» ነው፦ ቤዝ ጊታሩ አንድ አጭር ሐረግ ይዞ ይመላለሳል፤ ትራምፔትና ሳክስፎኑ ከላይ ይቆራርጡታል፤ ማንም ማንንም አያጅብም። ባንዱ ዘፋኝ እንደማያስፈልገው ያስመሰከረው በዚህ ነው። ሁሉም ግን እንዲህ አይደለም፤ በታወቁ ዘፈኖች ላይ በተሠሩት አንዳንዶቹ ቅንብሮች ውስጥ ዘፋኙ ታሞ የቀረ ይመስላል፤ ጆሯችን ሳናስበው ግጥሙን ይጠብቃል።

ይኸው «ሙዚቃዊ ስልት» በ1998 ዘ ዳክታሪስ በተባለ ባንድ ተቀረጸ። ሸክላው ከናይጄሪያ የመጣ መስሎ ቢቀርብም የተሠራው ብሩክሊን ውስጥ ነው። ኒውዮርኮች ናይጄሪያውያን መስለው የአዲስ አበባን ዜማ ሲጫወቱ መስማት ያስቃል፤ የደራሲውን የግርማን ስም ስንቱ አድማጭ ያውቅ እንደነበር ስናስብ ግን ሳቁ ይቀዘቅዛል።

በ1981 ባንዱ ከመሐሙድ አህመድ ጋር ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ጉዞው ሲያበቃ ኃይሉ፣ ግርማ፣ ሳክስፎን ተጫዋቹ ሞገስ ሀብቴና ቤዝ ተጫዋቹ መላከ ገብሬ እዚያው ቀሩ። ኃይሉ ዋሽንግተን አካባቢ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዳ። በዚህ አገር ሙያውን አስቀምጦ ሕንፃ የጠረገ አንባቢ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም። በ1985 የተቀረጸው «ሸሞንሟናዬ» አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘርና ከምት መምቻ ማሽን ጋር ያዋሐደ የአንድ ሰው ሥራ ነው። ውብ ነው። ሆኖም የኃይሉ ሥራ ቁንጮ ነው ከሚሉት ጋር አንስማማም፤ ማሽኑ አያደክመውም፣ አይጣቀስምም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። በ1986፣ ወገኖቻችን በሙሴ ዘመቻ በገቡ ማግሥት፣ የብራሰልሱ ክራምድ ዲስክስ የመሐሙድ አህመድን «ኧረ መላ መላ» ለአውሮፓ አቀረበ። ያጀበው አይቤክስ ባንድ ነው፤ ስሙ በእንግሊዝኛ ያው ዋልያ ማለት ስለሆነ ሁለቱን ባንዶች የሚያምታታ አይፈረድበትም። በዚያው አሳታሚ ቤት ሚኒማል ኮምፓክት የተባለው፣ ከፓንክ በኋላ የመጣውን ሮክ የሚጫወተው የእስራኤላውያን ባንድም ሸክላዎቹን ያወጣ ነበር። የአዲስ አበባና የቴልአቪቭ ሙዚቃ ገና ያኔ ብራሰልስ ላይ በአንድ መደርደሪያ ተጎራብተው ነበር ማለት ነው።

ናታንያ ውስጥ በሠርግ አዳራሽ ዛሬም አንድ ኦርጋን ብቻውን የባንዱን ሁሉ ሥራ ሲሠራ እንሰማለን። በልጅነቷ ወደዚህች ከተማ የመጣችው አስቴር ራዳ የሙሉቀን መለሰን «ናኑ ናኑ ነዬ» ስትጫወት፣ ወላጆች ዘፋኙን ወዲያው ያውቁታል፤ በዋናው ሥራ ላይ መሣሪያውን ማን ተጫወተ ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። መልሱ ሊገኝ የሚችለው ቤት ውስጥ በካርቶን ከተቀመጡት ካሴቶች ሽፋን ላይ ነው፤ እነርሱም ማጫወቻ ስለሌላቸው እየተጣሉ ነው።

ትራምፔት ተጫዋቹ ዮሐንስ ተኮላና ከበሮ መቺው ተማረ ሐረጉ ከአሜሪካ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ በዋልያስ ስምም መጫወታቸውን ቀጠሉ። ስለ ታክሲ ነጂው ብዙ ተጽፏል። ስለ እነርሱ የተጻፈው ከጥቂት መስመር አይበልጥም።