መንጠልጠል፣ መመካት ወይስ ተወኩል?

በወልዲያና በመርሳ ትምህርት ቤቶች ልጆቻችን ከሚማሯቸው የእንግሊዝኛ ግሦች አንዱ «ዲፔንድ» የሚለው ነው። ፍቺው መመካት፣ መደገፍ፣ ጥገኛ መሆን እንደሆነ ይነገራቸዋል። እነዚሁ ልጆች ቁርኣን ሊቀሩ ሲሄዱ ደግሞ «ተወኩል» የሚለውን ቃል ያገኛሉ። «ምን ማለት ነው?» ብለው ቢጠይቁ «በአላህ መመካት» የሚል መልስ ይሰጣቸዋል። ለመሆኑ ሁለቱ ቃላት አንድ ናቸውን?

«ዲፔንድ» ከላቲን የመጣ ሲሆን ጥሬ ትርጉሙ ወደ ታች መንጠልጠል ነው። የአንገት ሐብል ላይ የሚንጠለጠለው ጌጥ «ፔንዳንት» መባሉም ከዚሁ ሥር ነው። የተንጠለጠለ ነገር የራሱ ሥራ የለውም፤ የያዘው ክር ሲበጠስ አብሮ ይወድቃል።

የእኛም አማርኛ ቢሆን የራሱ ችግር አለበት። «መመካት» መተማመንን እንደሚገልጽ ሁሉ መኩራራትንም ይገልጻል፤ ትምክህትና ትምክህተኛ የሚሉት ቃላት የእርሱው ዘመዶች ናቸው። «መጠጋት» ደግሞ ጥገኛ ከሚለው ቃል ጋር ይዛመዳል።

በሙሐመድ ሳዲቅና በሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ የተዘጋጀውን የቁርኣን የአማርኛ ትርጉም ያነበበ ሰው ሁለቱንም ቃላት ያገኛቸዋል። በሱረቱ አሊ ዒምራን 159ኛው አንቀጽ ላይ «መመካት» የተባለው ግሥ በሱረቱ ጦላቅ 3ኛው አንቀጽ «መጠጋት» ሆኗል፤ ዐረብኛው ግን አንድ ነው። ተርጓሚዎቹ የዋሉልን ውለታ ታላቅ ነው፤ አላህ ምንዳቸውን ይክፈላቸው። ሆኖም ዐረብኛ የማያውቅ አንባቢ ሁለቱ አንድ ቃል መሆናቸውን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ቃሉ እንዳለ «ተወኩል» ተብሎ ፍቺው በግርጌ ቢብራራ ኖሮ ይበልጥ በጠቀመ ነበር።

ምክንያቱም የቃሉን ሥር ገበያተኛውም ባለጉዳዩም ያውቀዋል፤ ወኪልና ውክልና የምንለው ነው። ፍርድ ቤት ጉዳይ ያለው ሰው ማስረጃውን አሰባስቦ፣ የሚያምነውን ሰው መርጦ ጉዳዩን ያስረክበዋል። «አልወኪል» ከአላህ (ሱ.ወ) ስሞች አንዱ ነው። ስለዚህ ተወኩል ማለት የአቅምን አድርሶ ውጤቱን ለእርሱ አደራ መስጠት ነው።

ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ አንድ ሰው ግመሉን ሳያስር ይተወክል እንደሆነ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሲጠይቅ አስሮ እንዲተወክል ነግረውታል። ዑመር (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሌላ ሐዲስ ደግሞ ምሳሌ የሆኑት ወፎች ናቸው፤ ጧት ተርበው ወጥተው ማታ ጠግበው ይመለሳሉ። ሲሳዩ የአላህ ነው፤ ከጎጆ መውጣቱ ግን የወፏ ነው።

ይህ ጉዳይ ለወሎ ሰው የመዝገበ ቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። ከ1966ቱና ከ1977ቱ ረሀብ ወዲህ «የእርዳታ ጥገኛ» የሚል ስም ብዙ ጊዜ ተለጥፎበታል። ይሁን እንጂ በ1997 በተጀመረው ሴፍቲኔት እንኳ አቅም ያለው ሰው እርከን እየሠራ፣ መንገድ እየጠገነ ነው ድጋፉን የተቀበለው። የሀብሩ ገበሬም አርሶ፣ ማሽላውን ዘርቶና አርሞ ዝናቡን ከአላህ ይጠብቃል። ይህ ሰው ተወካይ እንጂ ጥገኛ አይደለም።

በሌላ በኩል ራሳችንንም መውቀስ ይገባናል። ልጁ ታሞ እያለ ሐኪም ቤት መውሰድ ሲችል «ተወከልቱ ዐለላህ» ብሎ የሚቀመጥ ወላጅ ግመሉን ሳያስር እንደተወው ሰው ነው። ቃሉ በአፉ አለ፤ ትርጉሙ ግን መንጠልጠል ሆኖበታል።

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችሁ የዚህን ቃል ፍቺ ሲጠይቁ «መመካት» ብላችሁ ብቻ አትለፏቸው። ስለ ወኪሉ፣ ስለ ግመሉና ስለ ወፎቹ ንገሯቸው። ከሁሉም በላይ ግን ሥራችሁን ያዩ ዘንድ አድርጉ።

ወላሁ አዕለም።