ስለ ሕሙሙ ማን ይናገር? የሳይከዊች ብይን ሲመረመር

ሕሙም ፈቃዱን መግለጽ ሲሳነው ሐኪም የቤተሰቡን ቃል መጠየቁ የተለመደ ነው። ቤተሰብ ሲታጣ ግን የውሳኔው ባለቤት ማን እንደሆነ ግልጽ አይሆንም። በዚህ ረገድ ደጋግመው ከሚጠቀሱት ፍርዶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት የታየው የጆሴፍ ሳይከዊች ጉዳይ ነው።

ሳይከዊች ከባድ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት የነበረባቸው፣ በቃል መግባባት የማይችሉ የ67 ዓመት አዛውንት ነበሩ። አብዛኛውን ዕድሜያቸውን በመንግሥት ተቋማት አሳልፈዋል፤ በሕይወት የነበሩት ሁለት እኅቶቻቸውም በጉዳዩ መግባት አልፈለጉም። አጣዳፊ የደም ካንሰር ሲገኝባቸው፣ ኬሞቴራፒ በሽታውን ጋብ የማድረግ ዕድሉ ከ30 እስከ 50 በመቶ፣ ፋታውም በአብዛኛው ከ2 እስከ 13 ወራት እንደሆነ ለፍርድ ቤት ተገለጸ። ሕክምናው እንዳይሰጥ የተሰጠውን ውሳኔ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሐምሌ 1976 አጸና። ሕሙሙ በመስከረም ወር ዐረፉ፤ ዝርዝር የፍርድ ሐተታው የወጣው ግን በኅዳር 1977 ነበር።

የብይኑ ብርቱ ጎን ሁለት ነው። የአእምሮ ውስንነት ያለበትን ሰው ሕይወት ዋጋው ያነሰ ነው የሚለውን ሐሳብ አልተቀበለም። ምክንያቱ ሳይገባው የሚሠቃይ ሰው የሚደርስበትን ፍርሃትም በሚገባ መዝኗል።

መሠረቱ ግን ደካማ ነው። ፍርድ ቤቱ የጠየቀው «ሕሙሙ ማሰብ ቢችሉ ኖሮ ምን ይመርጡ ነበር?» ብሎ ነው። ይህ አስቀድሞ ሐሳቡን ለገለጸ ሰው ተገቢ መለኪያ ነው። ምርጫውን በቃል ተናግሮ ለማያውቅ ሰው ሲሆን ግን የዳኞችን ግምት የሕሙሙ ፈቃድ ብሎ መሰየም ይሆናል። የሕክምናውን ጥቅምና ሥቃይ አመዛዝኖ፣ ውሳኔው የሌሎች መሆኑን በግልጽ ማስፈር የበለጠ ሐቀኝነት ነበረው። በተጨማሪም ለእያንዳንዱ ሕሙም ፍርድ ቤት መሄድ በሽታው የማይሰጠውን ጊዜ ይፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የእንግሊዝና የዌልስ የአእምሮ ችሎታ ሕግ የተሻለ መንገድ ይዟል። ከባድ ሕክምና ሲታሰብና ከሙያተኞች ሌላ የሚማከር ሰው ሲታጣ ገለልተኛ ተሟጋች እንዲመደብ ያዛል፤ አጣዳፊ ሕክምና ግን ይህን አይጠብቅም። ተሟጋቹ አይወስንም፤ ሐኪሙ ግን ሐሳቡን ከግምት የማስገባት ግዴታ አለበት።

ይህን መሰል ሕግ በሌለበት ሆስፒታልም ሊሠራ የሚችል ነገር አለ። ሕሙሙን ከመንገድ አንሥቶ ያመጣ ሰው በስምምነት ቅጽ ላይ ቢፈርም ፊርማው የሕሙሙ ፈቃድ ሊሆን አይችልም። ከዚህ ይልቅ ዘመድ የመፈለጉ ጥረት በካርዱ ላይ ይመዝገብ፤ በሕክምናው የማይሳተፍ አንድ ባለሙያ ስለ ሕሙሙ ይናገር፤ የውሳኔው ምክንያት ይጻፍ፤ ሕሙሙ ወደ ልቡ በተመለሰ ጊዜም ራሱ ይጠየቅ።