ሁለት ጣት ከፍታ

ሞተር ማንሳት ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ወፍራም ሰንሰለትና አራት ጎረምሳ ነው። እኔ የማወራው ስለ ሌላው ማንሳት ነው፤ ሞተሩ ከመኪናው ሳይወጣ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ከፍ ስለሚልበት። የተበላ ጎሚኒ ለመቀየር፣ ኮፓ (የሞተሩን የዘይት መያዣ) ለማውረድ፣ ወይም ቁልፍ የማይደርስበትን አንድ ቡሎን ለመፍታት። ቀላል ስለሚመስል ሰው በግቢው ይሞክረዋል። መሞከሩን አልቃወምም። ባሕር ዳር ውስጥ በሠራሁባቸው ዓመታት ያየሁት ጉዳት ግን የሚበዛው ከትልቁ ማንሳት ሳይሆን ከዚህ ከትንሹ ነው። ለትልቁማ ሁሉም ይጠነቀቃል።

ጎሚኒ በሁለት ብረት መካከል የተጣበቀ ጎማ ነው። ሞተሩን ይሸከማል፣ ንዝረቱን ወደ መኪናው አካል ሳያሳልፍ ውጦ ያስቀራል። ዘይት ሲንጠባጠብበት ይላሽቃል፣ ሲያረጅ ይሰነጠቃል፤ የሰፈር ውስጥ ኮብልስቶን ደግሞ የቀረውን ይጨርሰዋል። ምርመራው ቀላል ነው። አንድ ሰው ፍሬን ጥርቅም አድርጎ ይዞ ማርሹን ከዲ ወደ አር ሲያመላልስ፣ ሌላው በጎን ቆሞ (ከፊት በፍጹም አይደለም) ሞተሩን ያያል። የሚዘል ከሆነ ጎሚኒው አብቅቶለታል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ያለችን ቪትዝና ኮሮላ ገና ብዙ ጎሚኒ ትቀይራለች። አዲሱ ከጠፋ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ይመጣል። ከጎማ ቁራጭ ቀዶ የሚገጥምም አለ፤ ይሄድለታል፣ ግን መሪው ላይ ያለው እጁ ሲነዝረው ይከርማል።

ሙያውን ያስተማሩኝ ሰው በ1955 ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት ድጋፍ በተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ የተማሩ ነበሩ። ትምህርታቸው ከሩሲያ፣ የሚጠግኑት መኪና ከጃፓን፣ ዕቃውን የሚጠሩበት ስም ደግሞ ከጣሊያን፦ ክሪክ፣ ካቻቢቴ፣ ካቫሌቶ፣ ቡሎን። ጣሊያን አምስት ዓመት ቆይቶ ሄደ፤ ቃሉ ጋራዥ ውስጥ ቀረ። እኚህ ሰው እኔ የክሪኩን ዱላ ስጫን እኔንም ክሪኩንም አያዩም ነበር። ጣታቸውን የጎሚኒው ቡሎን ላይ አድርገው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። «በቃ» ሲሉ አቆማለሁ።

ምን እንደሚያዳምጡ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ክብደቱ ከጎሚኒው ወደ ክሪኩ ይሻገራል። በዓይን የሚታይ ነገር የለም፤ ቡሎኑ ግን ያውቃል። ቀድሞ ግማሽ ዙር ያህል ላላ ብሎ ከተተወ፣ ክሪኩ ሲያንስ ከላይ ተጭኖ ይነክሳል፣ ሲበዛ ደግሞ ከታች ተገፍቶ ይነክሳል። በመካከል አንዲት ቦታ አለች፤ እዚያ ላይ በሁለት ጣት ይዞራል። ቡሎን የሚወጣው እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ነው። አልወጣ ሲል በመዶሻ የሚመታው ሰው የቡሎኑን ጥርስ ይበላል፤ ቡሎኑ የነገረውን አልሰማማ።

ክሪኩ የሚያርፍበት ቦታ ሌላ ጉዳይ ነው። ኮፓው ብዙ ጊዜ ስስ ቆርቆሮ ነው። በውስጡ ዘይት የሚስበው ወንፊት ከወለሉ ብዙም አይርቅም። ክሪኩ በባዶ ብረቱ ከተጫነው ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል፤ ወንፊቱ ይታፈናል፣ መኪናው ከሳምንታት በኋላ ብሮንዚና በልቶ ይመጣል፣ ባለቤቱም «ምን ነካው?» ይላል። የአሉሚኒየም ኮፓ ከሆነ ደግሞ አይጎደጉድም፣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በመካከል ጣውላ ይገባል፣ ያውም የኮፓውን ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር የሚይዝ ሰፊ ጣውላ። እኔ ዋንዛ እመርጣለሁ፤ ለስለስ ስለሚል ብረቱን ሳይጎዳ ቅርፁን ይቀበላል። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ የመሰንጠቅ አመል አለው፣ ከሞተር በታች አላምነውም። ወይራ ጠንካራ ነው፤ እሱን ለጎማ ታኮ አደርገዋለሁ። የክራንክ ሻፍቱን ፑሌጃ ከታች መደገፍ የሚወዱም አሉ፤ አይሞከርም።

አንድ ክረምት ወረታን አለፍ ብሎ ፒክአፕ ቆመ ተብዬ ሄድኩ። ጎሚኒው ተበጥሶ ሞተሩ አዘንብሏል። ፎገራ ሜዳ በክረምት ምን እንደሚመስል የሩዝ ገበሬውን ጠይቁ፤ ዋልካው ውኃ ጠጥቶ እንደ ሊጥ ነው። ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈልጌ ክሪኩን አቆምኩ፣ ቡሎኑ በጣት ዞረ፣ አወጣሁት። አዲሱን ጎሚኒ ለማስገባት እጄን ልሰድ ስል ቁልፍ ረስቼ ዞር አልኩ። ድንጋዩ በዝምታ ሰመጠ። ሞተሩ የወረደው ያችኑ ሁለት ጣት ነው፤ እጄ ቢኖር ግን ለሁለት ጣት ብዙ ቦታ አይተርፍም ነበር። ትንሽ የቤት መኪና ሞተር እንኳ አንድ ኩንታል አካባቢ ነው፣ የናፍጣው ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ከዚያ ወዲህ ክሪክ ያነሳል እንጂ ይይዛል ብዬ አላምንም። ዘይቱንም ቀስ እያለ ይለቃል። ሞተሩ እንደተነሳ በሻንሲውና በሞተሩ መካከል ሽብልቅ እንጨት አስገባለሁ፣ እጄ የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። መኪናው ራሱ የቆመው በካቫሌቶ፣ ጎማው በታኮ መሆኑን ሳልነግራችሁ አላልፍም።

ሁለት ጣት ትንሽ ናት፤ ሞተሩን የያዘው ነገር ግን ብዙ ነው። ሚኒባስና ፒክአፕ ላይ ማራገቢያው ከሞተሩ ጋር አብሮ ስለሚነሳ ራዲያተሩን ሊቀድ ይችላል። የማርሚታው ቱቦ፣ የውኃ ቱቦዎች፣ የነዳጅ ሽቦው፣ ወደ ባትሪ የሚሄደው ገመድ፣ ሁሉም ይወጠራሉ። በአራቱም ጎማ የሚጎትት ከሆነ ኮፓው ቢላላም የፊት ዲፈረንሻሉ መንገድ ይዘጋበታል፤ ያኔ ትንሽ ተጨማሪ ከፍታ ያጓጓል። እኔ የክሪኩን ዱላ አምስት ጊዜ በተጫንኩ ቁጥር ቆሜ በባትሪ መብራት ዙሪያውን እዞራለሁ። ረዳቴ «ጋሼ፣ ዛሬ እንጨርሳለን?» ይለኛል።

ባለፈው አንድ አስተማሪ ቪትዙን በራሱ እጅ ልሥራ ብሎ መጣ። ክሪኩን ሰጠሁት፣ ጣቴን ቡሎኑ ላይ አደረግሁ። ከዚያ ቦታ ተለዋወጥን። አዲሱን ጎሚኒ ከገጠመ በኋላ ወዲያው ሊያጠብቀው ሲል ያዝኩት። ክሪኩን አወረድን፣ ሞተሩ ተነስቶ ጥቂት እየሠራ ቦታውን ያዘ፣ ጠፋ፣ ቡሎኖቹ የጠበቁት ያኔ ነው። ዋንዛዬን ሲመልስልኝ ገልብጦ አየው፤ የስንቱ ኮፓ ጠርዝ ታትሞበታል። የእሱ የትኛው እንደሆነ በጥፍሩ እየፈለገ ቆየ።