የሁለት እህትማማች ከተሞች የባህል ልውውጥ፤ ይዘቱና ቅርጹ

በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ ከተሞች እህትማማች ተብለው መጠራት የለመዱት በአመዛኙ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ነው። በ1944 እ.ኤ.አ. (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በቦምብ የፈረሰችው የእንግሊዟ ኮቨንትሪና በውጊያ የወደመችው ስታሊንግራድ የመሠረቱት ግንኙነት ከቀዳሚዎቹ አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል። በዚያው በጦርነት ዘመን ከ800 የሚበልጡ የኮቨንትሪ ሴቶች ስማቸውን በአንድ የጠረጴዛ ጨርቅ ላይ ጠልፈው ለስታሊንግራድ ልከው ነበር። ይህ ነገር ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ከተማ ለከተማ ከላከቻቸው መልእክቶች መካከል እስከ ዛሬ የሚታወሰው የሹማምንቱ ንግግር ሳይሆን የተራ ሴቶች የእጅ ሥራ ሆኗል። የእህትማማች ከተሞችን የባህል ልውውጥ ለመመዘንም ከዚህ የተሻለ ሚዛን ማግኘት ያስቸግራል። የተላከው ነገር የማን እጅ ያረፈበት ነው? የተቀበለውስ ሕዝብ ምን አወቀበት?

አዲስ አበባ ከበርካታ የውጭ ከተሞች ጋር የእህትማማችነት ስምምነት አላት። ከጀርመኗ ላይፕዚግና ከደቡብ ኮሪያዋ ቹንቾን ጋር በ2004፣ ከዋሽንግተን ዲሲ ጋር ደግሞ በ2013 ተፈራርማለች። ከእነዚህ መካከል በደም የተጻፈ ታሪክ ያለው የቹንቾኑ ነው። ከ1951 ጀምሮ በየተራ ወደ ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ጦር አባላት ቁጥራቸው 6,037 እንደ ነበረ ይታወቃል። ከ120 በላይ የሚሆኑት ሕይወታቸውን ሰጥተዋል፤ ከ500 በላይ ቆስለዋል፤ አንድም የተማረከ የለም። ቹንቾን ኢትዮጵያውያኑ ከተዋጉባቸው ተራሮች መካከል ብዙዎቹ የሚገኙበት የጋንግወን ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ናት። በግንቦት ወር 1968 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት የዘማቾቹ መታሰቢያ ሐውልት በዚያች ከተማ ቆመ። እንግዲህ የሁለቱ ከተሞች ወዳጅነት መሠረቱ የማይናወጥ ነው። ጥያቄው በዚህ መሠረት ላይ የቆመው የባህል ሥራ ለመሠረቱ የሚመጥን መሆን አለመሆኑ ነው።

የልውውጡ የተለመደ መልክ የባህል ምሽት ነው። ይህን ምሽት ከኢትዮጵያም ሆነ ከሌላ አገር ያየ ሰው ቅደም ተከተሉን በቃሉ ያውቀዋል። በመጀመሪያ ንግግር ይደረጋል፤ ከዚያ የልዩ ልዩ ብሔረሰቦች ጭፈራ በአጭር ጊዜ ውስጥ ተራ በተራ ይቀርባል፤ እንጀራ ይቆረሳል፤ ቡና ይፈላል፤ ስጦታ ይለዋወጣል፤ በመጨረሻም የኅብረት ፎቶግራፍ ይነሣል። እንግዳው ወገን በበኩሉ ባለ ማራገቢያ ልጃገረዶችን ወደ መድረክ ያወጣል። ተመልካቹ ያጨበጭባል፤ ደስም ይለዋል። ይሁን እንጂ በማግስቱ ያየውን እንዲናገር ቢጠየቅ ልብሱ ያማረ፣ ትከሻው የሚንቀጠቀጥ፣ ማራገቢያው የሚዘረጋ ነበር ከማለት በቀር የሚለው አይኖረውም። እስክስታው በየትኛው ሠርግና በየትኛው በዓል እንደሚመታ፣ ዜማው የሐዘን ይሁን የፉከራ፣ ጨፋሪው ለማን እንደሚጨፍር አልተነገረውም። ጭፈራው ከኑሮው ተነጥሎ ስለ ቀረበ ጌጥ ብቻ ሆኖ ቀርቷል።

በዚህ ላይ በጎ የሆነ መከራከሪያ ሊነሣ ይችላል። ቋንቋ ለማይሰማ እንግዳ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከዚህ የበለጠ ምን ማሳየት ይቻላል? የሚል ነው። ተወዛዋዦቹም በጠባብ መድረክና በአጭር ልምምድ የሚሠሩ ባለሙያዎች ናቸውና ነቀፋው በእነርሱ ላይ ሊወድቅ አይገባም። ድክመቱ ያለው ከመድረክ ጀርባ፣ ዝግጅቱ በሚታቀድበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ምክንያቱም ሁለቱም ወገኖች ጥንታዊ ብለው የሚያሳዩት ነገር በአብዛኛው ጥንታዊ አይደለም፤ የመድረክ ፈጠራ ነው። የኮሪያው የማራገቢያ ውዝዋዜ በኪም ቤክ ቦንግ ተቀናብሮ ለመድረክ የበቃው በ1954 ነው፤ ይኸውም ጦርነቱ በቆመ በዓመቱ መሆኑ ነው። ዛሬ በዓለም የታወቀው የአራት መሣሪያዎች ሳሙልኖሪም በ1978 በሴኡል የተጀመረ ነው። ገበሬው በሜዳ ላይ እየዘለለ ይመታው የነበረውን ከበሮና የነሐስ ደወል ወጣት ባለሙያዎች ወደ አዳራሽ አስገብተው ተቀምጠው መቱት።

በኢትዮጵያም በኩል ነገሩ ከዚህ አይርቅም። የገጠሩ ጭፈራ የመድረክ መልክ የያዘው በ1935 በተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር፣ በ1955 በተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትርና በ1963 በተቋቋመው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ዓይነት ተቋማት ውስጥ ነው። በየሰፈሩ ለየብቻው ይደመጥ የነበረ ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና ከበሮ በአንድ ላይ እንዲሰማ የተደረገው በእነዚህ ቤቶች ውስጥ በባለሙያዎች ብልሃት ነው። እንግዲህ ሁለቱ አገሮች በተቀራራቢ ዘመን ለአንድ ዓይነት ጥያቄ መልስ ሲፈልጉ ኖረዋል ማለት ነው። የመንደሩን ጥበብ ሳይገድሉ ወደ ከተማ መድረክ እንዴት ማምጣት ይቻላል? ይህ የባለሙያ ጥያቄ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ሊደረግ የሚገባው እውነተኛ ውይይትም ይኸው ነበር። ይሁን እንጂ ሁለቱም ወገኖች መልሳቸውን እንደ አያት ቅርስ አስመስለው ስለሚያሳዩ፣ ሥራው የተሠራበት ድካም ተሰውሮ ይቀራል፤ አንዱም ከሌላው ሳይማር ይለያያሉ።

ለመማማር የሚበቃ ነገር ጠፍቶ አይደለም። የኮሪያውን ፓንሶሪ እንውሰድ ቢባል፣ አንድ ዘፋኝና አንድ ከበሮ መቺ ብቻ ሆነው ለሰዓታት ረጅም ታሪክ የሚተርኩበት ጥበብ ነው። አድማጩ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ በየመሐሉ ድምፁን እያሰማ ዘፋኙን ያበረታታል፤ ያለዚህ ጥሪ ትረካው ምሉዕ ሆኖ አይቆጠርም። የአዝማሪን ቤት የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። አዝማሪም ብቻውን በማሲንቆው ይቆማል፤ ታዳሚው «ተቀበል» እያለ ስንኝ ይሰጠዋል፤ እርሱም ተቀብሎ በዜማ ይመልስለታል። በሁለቱም ዘንድ ሥራው የሚጠናቀቀው በአድማጩ አፍ ነው። ልዩነታቸውም ያስተምራል። የፓንሶሪ ትረካ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር የሚወርድ የታወቀ ታሪክ ሲሆን፣ የአዝማሪው ስንኝ ግን በዚያች ሌሊት ተወልዶ በዚያችው ሌሊት ሊጠፋ ይችላል።

አሪራንግም እንዲሁ ነው። ይህ መለያየትንና የተራራ ማለፊያን የሚያነሣ የኮሪያ ዜማ በ2012 በዩኔስኮ የዓለም ወካይ ቅርስነት ተመዝግቧል። ከዝርያዎቹ ሁሉ የታወቀው አንዱ የጆንግሰን አሪራንግ የሚዘፈነው ቹንቾን በምትገኝበት በጋንግወን ክፍለ ሀገር ነው። አዝማቹ የጋራ ነው፤ ስንኙ ግን የየሰው ነው፤ ገበሬውም ሆነ የቤት እመቤቷ የየራሳቸውን ብሶት ይጨምሩበታል። ትዝታን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አድማጭ በዚህ ውስጥ የራሱን ያገኛል። ትዝታም ቅኝቱ የጋራ ሆኖ ናፍቆቱ የእያንዳንዱ ነውና። አንድ የጆንግሰን ዘፋኝና አንድ የትዝታ ዘፋኝ በአንድ መድረክ ላይ ተቀምጠው፣ የስንኞቹ ትርጉም በወረቀት ታትሞ ለአድማጩ ቢታደል፣ ወጪው ከአንድ የጭፈራ ቡድን ጉዞ ያንሳል፤ ፍሬው ግን ይበልጣል።

ከመድረኩ ወደ ሐውልቱ ሲታለፍ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። በ2007 በቹንቾን የተከፈተው የኢትዮጵያ ዘማቾች መታሰቢያ አዳራሽ ጣሪያው የኢትዮጵያን ክብ ቤቶች እንዲመስል ተደርጎ ተሠርቷል። በታችኛው ፎቅ የዘመቻው ታሪክ፣ በላይኛው ፎቅ የኢትዮጵያ ባህልና ቁሳቁስ ይታያል። የባዕድ ከተማ ለሌላ አገር ወታደሮች ይህን ያህል ማድረጉ የሚመሰገን ነው። ሆኖም ጦርነቱን በአንድ ፎቅ፣ ባህሉን በሌላ ፎቅ መለየት ራሱ አንድ አስተሳሰብ ነው። ዘማቹ ወደ ኮሪያ የሄደው ባህሉን አገሩ ላይ ጥሎ አልነበረም። በምሽጉ ውስጥ የተፎከረው ፉከራና ከዘመቻ የተመለሰ ሰው የሚተርከው ወግ የጦርነቱም የባህሉም ታሪክ ነው።

በአዲስ አበባ በኩል ደግሞ ድንጋዮቹ ራሳቸው ይነጋገራሉ። በአፍንጮ በር የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ አለ። በቸርችል ጎዳና፣ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት፣ በ1984 በአብዮቱ አሥረኛ ዓመት የተመረቀው የትግላችን ሐውልት አለ፤ ይህም በሰሜን ኮሪያ ድጋፍ የተሠራ ነው። አንዲት ከተማ የሁለቱን ኮሪያዎች ወዳጅነት በሁለት ሐውልት ተሸክማለች። ከ1974 በኋላ መንግሥት ከፒዮንግያንግ ጋር ሲወዳጅ የቃኘው ዘማቾች ውለታ በአደባባይ የማይወሳ ሆነ። ሽልማታቸውን በሣጥን ቆልፈው የኖሩ ነበሩ። የእህትማማችነቱ ዝግጅቶች ስለዚህ ዘመን ዝምታን መርጠዋል። ዝምታው ለእንግዳ ጨዋነት ሊመስል ይችላል፤ ለኪነ ጥበብ ግን ኪሳራ ነው። ጀግና ተብሎ የዘመተ፣ በአገሩ የተረሳ፣ በባዕድ ከተማ ሐውልት የቆመለት ሰው ለቴአትር ጸሐፊ ከዚህ የበለጠ ምን ባለ ታሪክ ይገኛል?

በዚህ ሁሉ መካከል ሳይደክም የኖረው የባህል ልውውጥ አንድ ቡና ቤት መሆኑ ሊጠቀስ ይገባዋል። ሐውልቱ በቆመበት በዚያው በ1968 በአቅራቢያው «ኢትዮጵያ ቤት» የተባለ ቡና ቤት ተከፈተ። ስሙ በኮሪያ ፊደል ሲጻፍ «ቤት» የምትለዋን የአማርኛ ቃል ሳይተረጉም ይዟታል። ቤቱ ያለበት መንገድም የኢትዮጵያ መንገድ ይባላል። መንግሥታት ሲቀያየሩና ወዳጅነቱ ሲቀዘቅዝ ቡናው መፍላቱን አላቋረጠም። ከዚያ ስኒ የጠጣ የቹንቾን ሰው አንዲት የአማርኛ ቃል በአፉ ይዞ ወደ ቤቱ ሄዷል። የጭፈራው ምሽት በአንድ ሌሊት ሲያልፍ ይህ ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ዘልቋል፤ ምክንያቱም በየዕለቱ ኑሮ ውስጥ ቦታ ስላገኘ ነው። ከኮቨንትሪዋ ጥልፍ ጋር የሚያመሳስለውም ይኸው ነው።

ሥነ ጽሑፍ በዚህ ልውውጥ ውስጥ ተገቢውን ስፍራ ሳያገኝ ቆይቷል። ቹንቾን የታላቁ አጭር ልብ ወለድ ጸሐፊ የኪም ዩ ጆንግ (1908–1937) የትውልድ ስፍራ ናት። ሁለቱ ከተሞች እህትማማች በሆኑበት በዚያው በ2004 በመንደሩ ያለው የባቡር ጣቢያ በደራሲው ስም ተሰየመ። ኪም ዩ ጆንግ የጻፈው ስለ ጭሰኛና ስለ ባለ መሬት ወኪል፣ ስለ ድንችና ስለ ዶሮ ጠብ፣ ስለ ድሃ ገበሬ ሣቅና እልህ ነው። ጭሰኛና ምስለኔ የሚሉትን ቃላት ከነክብደታቸው የሚያውቅ የአማርኛ አንባቢ ይህን ደራሲ እንደ አገሩ ሰው ሊያነበው ይችላል። በ1936 ባወጣው በአንድ ታዋቂ ታሪኩ ርእስ ውስጥ ያለው የአበባ ስም በብዙ ትርጉሞች ካሜሊያ ተብሏል። ካሜሊያ በአብዛኛው ቀይ አበባ ነው። በጋንግወን ገበሬ አነጋገር ግን ቃሉ በጸደይ መጀመሪያ ቢጫ የሚያብብ ሌላ ዛፍ ስም ነው፤ በታሪኩም ውስጥ አበባው ቢጫ መሆኑ ተጽፏል። ከሦስተኛ ቋንቋ የሚተረጉም ሰው ይህን ቀይ አበባ ሳያውቀው ወደ አማርኛ ያስገባዋል። ዛሬ ግን የዘማቾቹ ልጆችና የልጅ ልጆች በኮሪያ ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ዕድል አግኝተው ቋንቋውን ከምንጩ ተምረዋል። አበባውን በትክክለኛ ቀለሙ ሊያመጡልን የሚችሉት እነርሱ ናቸው።

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው ውሳኔ ግልጽ ነው። የባህል ምሽቱ ይቅር የሚባል አይደለም፤ ይዘት ይኑረው ነው። ጭፈራው ሲቀርብ የመጣበት ስፍራና ምክንያት ይነገር። አዝማሪና የፓንሶሪ ዘፋኝ በአንድ መድረክ ይገናኙ። የኪም ዩ ጆንግ ሥራዎች ከኮሪያኛ በቀጥታ ይተርጎሙ፤ የአዲስ አበባ ደራስያን አጫጭር ታሪኮችም ወደ ኮሪያኛ ይሻገሩ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የዘማቾቹ ቃል ይመዝገብ። በጦርነቱ ማብቂያ ሃያ ዓመት የሞላው ወታደር ዛሬ ዘጠናን አልፏል። ፉከራውን፣ በበረዶው ውስጥ የተባለውን ቀልድ፣ ከኮሪያ ልጆች የተማረውን ዜማ የሚያስታውሰው እርሱ ብቻ ነው። የጭፈራው ምሽት ለሚመጣው ዓመት ቢተላለፍ የሚጎዳው ነገር የለም፤ ይህ ሥራ ግን ለሚመጣው ዓመት የሚተላለፍ አይደለም።