«የልብ ሞት»ና «በሕይወት ማቆየት»፦ ስለ ሁለት የሕክምና ስያሜዎች የቀረበ ሂስ

ከሟች የተወሰደ የአካል ክፍልን ለንቅለ ተከላ አቆይቶ መጠቀም በሕክምናው ዓለም የታወቀ ሥራ ነው፤ የአማርኛ ስያሜው ግን ገና አልጸናም። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ከሕያዋን ለጋሾች የሚደረግ ነበር። በአሜሪካና በአውሮፓ ግን ሐኪሞች ስለ ልገሳ የሚያነጋግሩት የሟች ቤተሰብ አማርኛ ተናጋሪ ሊሆን ይችላል። በዚያች ሰዓት የውሳኔው መሠረት የተርጓሚው ቃል ነው።

በመጀመሪያ የምንነቅፈው «ከልብ ሞት በኋላ የሚደረግ ልገሳ» የሚለውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ይፋ የሆነው የማስትሪክት አመዳደብ እነዚህን ለጋሾች «ልባቸው የማይመታ» ይላቸው ነበር፤ «የልብ ሞት» የሚለውም በውጭ ቋንቋዎች ሲሠራበት ቆይቷል። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2014 በሲድኒ፣ መምታቱን አቁሞ ከነበረ ሟች የተወሰደ ልብ በሌላ ሰው ደረት ውስጥ ዳግመኛ መታ። እንግዲህ የሞተው ሰውየው እንጂ ልቡ ብቻ አይደለም።

ቃል በቃል የሚተረጎመው «የዝውውር ሞት» ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። «ዝውውር» ዛሬ የሠራተኛ፣ የገንዘብ፣ ይልቁንም በሰዎች የሚደረግ ሕገ ወጥ ንግድ ስም ሆኗል። ከ«አካል ክፍል» ጎን ሲቆም አንባቢው ደምን ሳይሆን ወንጀልን ያስባል።

ሁለተኛው ችግር በማቆየቱ ሥራ ስም ላይ ነው። «መጠበቅ» ቢባል «ኩላሊቱ ይጠበቃል» የሚለው ዐረፍተ ነገር «ገና ይመጣል» ተብሎ ሊነበብ ይችላል። «በሕይወት ማቆየት» ማለትም አደገኛ ነው፤ ይህ ስለ ሕመምተኛ የምንናገረው ነውና ቤተሰቡ «ወገናችን አልሞተም ማለት ነው?» ብሎ ይጠራጠራል። በእንግሊዝ ለምሳሌ የደም ዑደት ከቆመ በኋላ ሐኪሞች 5 ደቂቃ ተመልክተው ሞቱን ያረጋግጣሉ፤ የአካል ክፍል የሚወሰደው ከዚያ ወዲያ ነው። ስያሜው ይህን ቅደም ተከተል ማፋለስ የለበትም።

በእኛ አስተያየት «ማቆየት» ብቻውን ይበቃል። ቃሉ ጊዜን በውስጡ ስለሚይዝ የአካል ክፍሉ ለተወሰነ ሰዓት እንጂ ለዘለቄታ እንደማይቆይ ያመለክታል። በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚደረገውን «በቅዝቃዜ ማቆየት»፣ በአካሉ የደም ሥሮች ፈሳሽ እያሳለፉ የሚደረገውን «በመሣሪያ ማቆየት» ብንል ሁለቱ ዘዴዎች ይለያሉ። ለሞቱም «የደም ዑደት በመቆሙ የተረጋገጠ ሞት» የሚለውን እናቀርባለን። ርዝመቱን የሚነቅፉ እንደሚኖሩ እናውቃለን፤ ነገር ግን በሐዘን ላይ ያለ ሰው የሚሰማው ቃል ከሚያጥር ይልቅ ባያሳስት ይሻላል እንላለን።